ጨው የገባበት ባልዲ

የኢስት ሃርሎ ከተማ በየዓመቱ፣ ነዋሪው ሁሉ ድምፅ ከሚሰጥበት ከመጋቢቱ ጉባኤ በፊት አንድ መጽሐፍ ያሳትማል። የመንገዱ፣ የእሳት አደጋ መኪናው፣ የመቃብር ቦታው ሒሳብ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ግን ሒሳብ የለበትም። በዓመቱ ውስጥ ለተለየን አንድ ሰው መታሰቢያ ነው፤ ፎቶግራፍና ከሥሩ ጥቂት መስመር። የከተማው ጸሐፊ ስለሆንኩ ያንን ገጽ ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቤተሰብ ጽፎ ከሚያመጣው ላይ «ደግ»ን፣ «ትጉህ»ን፣ «በሁሉ የተወደደ»ን እሰርዛለሁ። የተወለደበትን፣ የሠራውን፣ የሞተበትን አስቀራለሁ።

ዘንድሮ ገጹ የወንድሜ የዴልበርት ሹዊናርድ ነው። ለገጹ የሚሆነውን ጽፌ ጨርሻለሁ። እዚያ ያልገባውን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ዴልበርት የተወለደው ከወንዙ ማዶ ባለው ቤት ነው። አባታችን ወረቀት ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ዴልበርት ግን የወረቀት ፋብሪካውን ሽታ ስለማይወድ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ከሸለቆው በታች ወዳለው የክዳን ፋብሪካ ገባ። የማርጋሪን፣ የአይስክሬም፣ የአይብ ዕቃ ክዳን ነበር የሚሠሩት። የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ የፕላስቲክ ጥሬ በከረጢት ይመጣል፤ ማሽኑ ያቀልጠዋል፤ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይገፋዋል፤ ክዳን ሆኖ ይወድቃል። ከተማው ውስጥ «ዴል ማሽኑን ፈለሰፈ» የሚል ወሬ አለ። ሐሰት ነው። ማሽኑን ይጠብቅ ነበር፤ ሲዘጋም ያጸዳው ነበር።

ከዚያ ፋብሪካ ይዞት የወጣው አንድ ታሪክ ነበር፤ ለሁሉም ይነግራል። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ ከከረጢት ሥር የተረፈ ሌላ ዓይነት ጥሬ አግኝቶ «እንዳይባክን» ብሎ ማሽኑ ውስጥ ገለበጠው። ነጭ ነው፣ ፍሬ ነው፣ ያው ነው ብሎ። ክዳኖቹ አምረው ወጡ። ማታ የቅርጫቱ ጫፍ ተነካና ክዳኖቹ ወለሉ ላይ ሲፈሱ እንደ ብስኩት ተሰባበሩ።

የፕላስቲክ ዓይነት ሁሉ ዕቃው ሥር በትንሽ ሦስት ማዕዘን ውስጥ በሚታተም ቁጥር ነው የሚጠራው፤ የክዳኑ ጥሬ አምስት ነበር፣ የተገለበጠው ስድስት። «አይጋቡም» ይል ነበር ዴልበርት። «አምስት ቁጥርና ስድስት ቁጥር አንድ ማሰሮ ውስጥ ስትጨምራቸው የቀለጡ፣ የተዋሐዱ ይመስልሃል። ሲቀዘቅዙ ግን እያንዳንዱ ጀርባውን ለሌላው ሰጥቶ ነው የሚተኛው።»

ፋብሪካው ወደ ደቡብ ሲሄድ ዴልበርት አብሮ አልሄደም። ከተማው የቆሻሻ ማራገፊያውን የሚጠብቅ ሰው ይፈልግ ስለነበር ያንን ያዘ። «ግማሽ ዕድሜዬን ክዳን ወደ ዓለም እየላክሁ ኖርኩ» አለኝ የመጀመሪያው ሳምንት፤ «አሁን እየተመለሰልኝ ነው።»

የእኛ አገር ሰው ቆሻሻውን ራሱ ጭኖ ነው የሚያመጣው። ቅዳሜ ጠዋት ማራገፊያው ያልመጣ ሰው ታሟል ወይም ከአገር ወጥቷል ይባላል። ተመራጮች ድምፅ የሚለምኑት፣ ልጃገረዶች ብስኩት የሚሸጡት፣ ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነ የሚታወቀው (ሁለት መኪና ይዘው ሲመጡ) እዚያ ነው። ዴልበርት አሮጌውን መጋዘን በበርሜልና በሣጥን ከፋፈለው፤ በየሣጥኑ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈበት። አንድ፦ የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ። ሁለት፦ የወተት ጋሎን። ቀለም የሌለው ለብቻ፣ የሳሙናና ከዛፍ ጭማቂ የሚሠራው የሜፕል ሽሮፕ ባለቀለሙ ለብቻ፤ ነጩ ምንም ዓይነት ቀለም ሊሆን ስለሚችል ገዢ ይሻማበታል። አምስት፦ የእርጎና የማርጋሪን ዕቃ። ሦስትንና ስድስትን የሚገዛ ስለሌለ ሣጥን አልሰጣቸውም፤ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳሉ።

በየሳምንቱ የማይቀረው ክርክር ከወይዘሮ ፕረስኮት ጋር ነበር። ወይዘሮ ፕረስኮት የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያችን ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ከተማውን ማስተማር አላቆሙም።

«ዴልበርት፣ ይኼ የድንች ጥብስ ከረጢት የት ይገባል?»

«ቆሻሻው ውስጥ፣ ወይዘሮ ፕረስኮት።»

«ፕላስቲክ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ከውስጥ ብረት ተቀብቷል። ከላይ ሌላ ፕላስቲክ አለበት። መሐሉ ሙጫ ነው። እንደ ሮስኮ ዘመዶች ነው፤ ማን የማን እንደሆነ ለይቶ የሚያወጣ የለም።»

ሮስኮ ፒክ ያኔ የከተማው የመንገድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሚከማችበት ጎተራ ከማራገፊያው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ከዴልበርት ጋር ቀኑን ሙሉ በአጥር ላይ ሲሰዳደቡ ይውሉ ነበር።

«ሰምቻለሁ!» አለ ከጎተራው።

«እንድትሰማ ነው የተናገርኩት!»

«ታዲያ ይቺ ሦስት ማዕዘን ምን ልትሠራ ታተመችበት?» አሉ ወይዘሮ ፕረስኮት ከረጢቱን እያገላበጡ።

«ስሙን ልትነግርዎት። ስም ያለው ሁሉ ሥራ ያገኛል ማለት አይደለም።»

«ሰባት ቁጥር ይላል።»

«ሰባት ማለት ‹ሌላ› ማለት ነው። ምዝገባ ላይ ስም የጠፋው ሁሉ የሚጻፍበት መስመር።»

አምስት ቁጥር ለዴልበርት ከሌሎቹ የተለየ ነበር። በአካባቢያችን ያሉ ከተሞች አንድንና ሁለትን ይሰበስባሉ፤ አምስትን ግን ገዢ የለውም እያሉ ይጥሉት ነበር። ዴልበርት ራሱ የሠራቸው ክዳኖች ወደ ጉድጓድ ሲሄዱ ማየት አልሆነለትም። ስልክ እየደወለ፣ ናሙና እየላከ፣ መልስ እየጠበቀ ቆይቶ በመጨረሻ ከአገራችን ድንበር ወዲህ አንድ ፈጭቶ የሚያቀልጥ ፋብሪካ አገኘ። የቀለም ባልዲና የአበባ ማሰሮ ይሠሩበታል። አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡት፤ ንጹሕ አምስት ከሆነ እንወስዳለን፣ ከተደባለቀ እንመልሳለን።

ዴልበርት ምልክት ያለውን በምልክቱ ይለያል። ምልክቱ የጠፋበትን ወይም ጭራሽ ያልታተመበትን በጣቱ ያጥፈዋል። አምስት ቁጥር ሲታጠፍ እሺ ይላል፤ ዕጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል እንጂ አይሰበርም። ለዚህ ነው ማጠፊያ ያለው ክዳን ሁሉ ከእሱ የሚሠራው። ስድስት ቁጥር ግን ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ዴልበርት ጀርባውን ሰጥቶ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ይለይ ነበር።

ኋላ ጣቶቹ ማበጥ ጀመሩ። በበረዶው ወራት የመጋዘኑን ቁልፍ በሁለት እጁ ነበር የሚያዞረው። ሐኪሙ ማጠፉን ተው ሲለው ወደ ውሃ ዞረ። አባታችን የሜፕል ጭማቂ ይቀዳበት የነበረውን የቆርቆሮ ባልዲ አምጥቶ ውሃ ሞላው፤ አንድ ጠብታ የሳህን ሳሙና ጨመረበት። ከማያውቀው ዕቃ ላይ የጥፍር ያህል በመቀስ ይቆርጥና ይጥላል። አየር ይዞ እንዳያታልለው በእንጨት ወደ ታች ይደፍቀዋል። አምስት ቁጥር ከውሃ ይቀላል፤ ተመልሶ ይወጣል። ስድስት ቁጥር ከውሃ በጥቂቱ ይከብዳል፤ እየተንገዋለለ ይወርዳል። አንድ ቁጥርና ሦስት ቁጥር እንደ ሳንቲም ይሰምጣሉ። የተነፋው ነጭ ስድስት ቁጥር ብቻ፣ አየር ስለበዛበት፣ ይንሳፈፋል፤ እሱን ደግሞ ማንም በዓይኑ ያውቀዋል።

የባልዲው ታሪክ የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ በጣም የቀዘቀዘ ጥር ነበር።

በዚያው ወር ብራድሊ ኢንግልስ ለመጋቢቱ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አስመዘገበ። ብራድሊ የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤትና ከተማውን ከሚያስተዳድሩት ሦስት ተመራጮች አንዱ ነው። ሐሳቡ የዴልበርት መጋዘን ይዘጋ፣ ሁሉም ፕላስቲክ ሳይለይ ተደባልቆ በትልቅ መኪና ወደ ደቡብ ይሂድ፣ እዚያ በብርሃን የሚያይ ማሽን ይለየው የሚል ነበር። ጽሑፉን ሊያስመዘግብ ቢሮዬ ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ሎሬት፣ ከወንድምሽ ጋር ጠብ የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ሰውዬው ግን እያረጀ ነው። እሱ ሲያቆም ማን ነው እዚያ ቆሞ የእርጎ ኩባያ የሚቆርጠው? አንቺ ትቆርጫለሽ?»

መዘገብኩለት። ማታ ለዴልበርት ነገርኩት። ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን ካጠበ በኋላ ነው የመለሰልኝ። «ማሽኑ ጥቁር ዕቃ አይታየውም፤ ብርሃኑን ይውጠዋል። ሲደባለቅ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ ቅባት ይገባል፣ ቅባቱ ላይ ወረቀት ይጣበቃል። ግማሹ እዚያ ደርሶ ይጣላል።» ሳህኑን ወደ ቦታው መልሶ፣ «አምስቱን ማንም አያነሳውም» አለ። የፈራው ይህንን ነበር። ሥራውን ማጣቱ አልነበረም፤ ጡረታው ደርሷል።

በየጠዋቱ ባልዲው እስከ ሥሩ በረዶ ሆኖ ያገኘው ነበር። በመዶሻ ይሰብራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይረጋበታል። አንድ ቀን ሮስኮ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ተመለከተው።

«አባትህ ያንን ባልዲ እንዲህ ስትወቅጠው ቢያይ ኖሮ አንተን ነበር የሚወቅጥህ።»

«ሙቅ ውሃ አምጥተህ ልትረዳኝ ነው ወይስ ልታወራ?»

«ለምን ሙቅ? የኔ መንገድ ሲረጋ አይተህ ታውቃለህ?» መንገድ ላይ የሚረጨውን የጨው ውሃ በፕላስቲክ ጋሎን ቀድቶ አቀበለው። «እንካ። ይህን ጨምርበት፤ እስከ ሚያዝያ አይረጋም። ባለሁለት ቁጥር ጋሎን ነው፣ ስትጨርስ መልስልኝ።»

ዴልበርት ጨመረበት። ባልዲው አልረጋም። በየጠዋቱ አንድ ጭልፋ ይጨምርበት ጀመር። የጠርሙስ ቁራጭ ሲጥል እንደ ድሮው ይሰምጣል፣ የማርጋሪን ዕቃ ሲጥል እንደ ድሮው ይንሳፈፋል። ስለዚህ ምንም አልጠረጠረም።

የካቲት ላይ የአምስት ቁጥሩ ጥቅሎች ተጭነው ሄዱ። ጉባኤው ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢሮ ስልክ ተደወለ፤ አምስቱን ከሚገዛን ፋብሪካ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ድምፅዋ ትሑት ነበር። ጥቅሎቹ ውስጥ ስድስት ቁጥር አለ፣ ብዙ ነው፣ ጭነቱን መልሰናል አለችኝ። ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ጠየቅኳት። ለቡና የሚሆን ወተት የሚታሸግባቸው፣ አውራ ጣት የሚያካክሉት ትንንሽ ኩባያዎች ናቸው አለችኝ።

ወደ ማራገፊያው ነዳሁ። ዴልበርት መጋዘኑ በር ላይ በረዶ ይጠርግ ነበር።

«ጭነቱ ተመልሷል» አልኩት።

«የማን?»

«የኛ።»

ሳቀ። «ተሳስተዋል። የሌላ ከተማ ይሆናል።»

«የቡና ወተት ኩባያዎች ነው ያለችኝ።»

«ከቁርስ ቤቱ የሚመጡት? እነሱን እኮ ምልክት ስለሌላቸው በየከረጢቱ ቆርጬ ነው የማያቸው። ነይ፣ ራስሽ እዪው።»

ከሣጥኑ አንዷን አነሳ። በመቀስ ጫፏን ቆርጦ ባልዲው ውስጥ ጣለ፣ በእንጨቱ ደፈቀ፣ ለቀቀ። ቁራጯ ወጥታ ውሃው ላይ ተኛች።

«አየሽ?»

ያየሁት ውሃውን አልነበረም። የቀረችውን ኩባያ ሳያስበው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ጨመቃት። ቀጭ አለች።

ሌላ አነሳና አሁን አስቦበት ጨመቀ። ቀጭ። ሦስተኛዋን ወደ ጆሮው አስጠግቶ።

«ጣቴ ስድስት ነው ይለኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃው አምስት ነው ይለኛል።»

ባልዲውን አየው። በባልዲው አፍ ዙሪያ የነጣ፣ የደረቀ ነገር ነበር። ጓንቱን አውልቆ ጣቱን ነከረና ቀመሰ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ሎሬት።»

«እ?»

«እንቁላል በጨው ውሃ ውስጥ ምን ይሆናል?»

«ይንሳፈፋል።»

«ወንድምሽ ደደብ ነው።»

ካልተጫኑት ጥቅሎች አንዱ ላይ ተቀመጠ። ጨው ሲገባበት ውሃው ራሱ ከበደ፤ ከንጹሕ ውሃ በጥቂቱ ብቻ የሚከብደው ስድስት ቁጥር ቀላል ሆኖ ተንሳፈፈ። የጠርሙሱ ቁራጭ በጣም ስለሚከብድ መስመጡን አልተወም፤ ባልዲው ጤነኛ መስሎ የታየው በዚህ ነው። ይህንን ሁሉ ለእኔ ሳይሆን ለባልዲው ነበር የሚያስረዳው።

«ብራድሊ ምን እንደሚል አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «‹ዴል እንኳ መለየት ካልቻለ ማን ይችላል?› ነው የሚለው። ያኔ ያበቃለታል።»

«የጨዉን ነገር የሚያውቅ የለም» አልኩት። «ፋብሪካው የላከው ቃል ‹ተደባልቋል› ብቻ ነው የሚለው። አዲስ ሰው ነው የሠራው ቢባል...»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ልጅ ሳለን መስኮት ስሰብር የሚያየኝ ዓይነት አስተያየት ነበር። «አንቺ መዝገብሽ ውስጥ ያልሆነ ነገር ታስገቢያለሽ?»

«አላስገባም።»

«እንግዲያስ።»

ጉባኤው እንደ ሁልጊዜው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነበር። ከኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በሜፕል የበሰለ ቦሎቄና የአሳማ ሥጋ ይሸጣሉ፤ ሽታው የሒሳቡን ንባብ አሳጠረው። የብራድሊ ሐሳብ ሲደርስ ብራድሊ ተነስቶ ያለቁጣ ተናገረ። የመኪናውን ነገር፣ የማሽኑን ነገር አስረዳ። ቀጥሎ የፋብሪካውን ቃል አነበበ።

«አቶ ሹዊናርድን ለመውቀስ አይደለም» አለ። «በዚህ ሥራ ከእሳቸው የሚበልጥ የለንም። እሳቸው እንኳ መለየት ካልቻሉ ግን በእጅ መለየት የማይቻል ነገር ነው ማለት ነው። እንቀበለው።»

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ከጠረጴዛዬ ሆኜ ስቆጥር ሐሳቡ እንደሚያልፍ ገባኝ።

ዴልበርት እጁን አነሳ። የጉባኤው መሪ ፈቀደለት። ሁለት የመስታወት ብልቃጥ ይዞ ወደ ፊት መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በአንዱ ከአዳራሹ ቧንቧ የቀዳው ውሃ አለ፤ በሌላው የባልዲው። ከኪሱ አንዲት የወተት ኩባያ አውጥቶ ሁለት ቁራጭ አደረጋትና በየብልቃጡ ጣለ፣ በእርሳሴ ደፈቀ። በቧንቧው ውሃ ያለችው ወረደች። ሌላይቱ ወጣች። ብልቃጦቹን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«መለየት ይቻላል» አለ። «ባልዲዬ እስከ ጥር ድረስ በትክክል ትለይ ነበር። ውሃው እየረጋብኝ የመንገድ ጨው ጨመርኩበት፤ ጨው ሲገባ ይኼ ይሆናል። ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የመለየቱ አይደለም።»

ከኋላ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ።

«ጨዉን የሰጠሁት እኔ ነኝ!» አለ ሮስኮ፤ አፉ ቦሎቄ ይዟል። «የከተማው ጨው ነው፣ በነፃ ነው የሰጠሁት! እዚያ ላይም ክሰሱኝ!»

«እንዲናገሩ ፈቅጄልዎታለሁ?» አለ የጉባኤው መሪ።

«አልፈቀዱልኝም!»

ወይዘሮ ፕረስኮት በዚህ መሐል ተነስተው ቆመዋል። እሳቸው ሲቆሙ ፈቃድ የሚጠይቃቸው የለም።

«ሁለቱንም እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» አሉ። «በስድስተኛ ክፍል፣ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ እንቁላል በጨው ውሃ አንሳፍፌ አሳይቻቸዋለሁ። ዴልበርት በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።» ወደ ኋላ ዞሩ። «ሮስኮ እንቁላሉን በላው።»

ሳቁ ረጅም ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ «አቶ ሹዊናርድ፣ አቶ ፒክና ወይዘሮ ፕረስኮት ተናገሩ» ብቻ ነው ያሰፈርኩት።

ሳቁ ሲበርድ ብራድሊ እንደገና ተነሳ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ የተናደደ መስሎኝ ነበር። «ሐሳቤን ላሻሽል» አለ። «የተመለሰው ጭነት ነገ እዚህ ይደርሳል። እንደገና ተለይቶ ፋብሪካው ከተቀበለው መጋዘኑ ይቆይ። ካልተቀበለው ይዘጋ።» ድምፅ ተሰጠ። ዛሬ ሰው ሁሉ «በአንድ ድምፅ አለፈ» ብሎ ያወራል። አይደለም። በጥቂት ድምፅ ነው ያለፈው፤ የተቃወሙት ጉባኤው ካለቀ በኋላ እንኳ ያጉረመርሙ ነበር።

ጥቅሎቹ ተመልሰው መጥተው መጋዘኑ ደጃፍ ወረዱ። ዴልበርት ብቻውን ሊፈታቸው አስቦ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ሲከፍት መኪናው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ሰው ቆሻሻውን አራግፎ አልተመለሰም። ጓንት ያላቸው ጓንት አጠለቁ። ሽቦው ሲቆረጥ ጥቅሉ እንደ ትልቅ እስትንፋስ ተነፈሰና ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ የተጨመቀ የማርጋሪን ዕቃ፣ የእርጎ ዕቃ፣ በመካከሉ እንደ ምስር ውስጥ እንዳለ ጠጠር ትንንሾቹ ኩባያዎች።

ዴልበርት በየጠረጴዛው ንጹሕ ውሃ በሳህን አስቀመጠ። ሳህን ግን ብዙም አላስፈለገም። አንዴ ድምፁን ካሰማቸው በኋላ ሁሉም በጣቱ መጨፍለቅ ጀመረ፤ መጋዘኑ በቀጭ ቀጭ ተሞላ። ከተጣጠፉት ዕቃዎች መካከል ሰው የራሱን ያገኝ ጀመር።

«ይኼ የኔ ነው! ያለ ስኳር እርጎ የምበላ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሳይታጠብ የተጣለው ደግሞ የማን ነው? ፀጉር አብቅሏል!»

«ስም ተጽፎበታል፤ ‹ሮስኮ፣ አትንካ› ይላል።»

«ሚስቴ ናት የጻፈችው» አለ ሮስኮ። «ነክቼዋለሁ።»

ብራድሊም መጣ። የመሰንጠቂያውን ወፍራም ጓንት አጥልቆ ጥግ ላይ ቆመ። ጓንቱ ትንንሾቹን ኩባያዎች አልይዝ አለው፤ አወለቀው። ለሰዓታት ጎንበስ ብሎ ለየ። ዴልበርት አጠገቡ ደርሶ ሥራውን ሲያይ፣ «ይቺ ታጠፈች፣ ነጣች። አምስት ነች?» አለው።

«አምስት ነች።»

«ድምፅ አላወጣችም።»

«አታወጣም።»

ብራድሊ አምስቱ ሣጥን ውስጥ ጣላት።

ፋብሪካው ጭነቱን ተቀበለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋ «ምን አድርጋችሁት ነው?» አለችኝ። ሰው ነካው አልኳት።

ዴልበርት በጋውን ሠራ። ባልዲውን ወደ መጋዘኑ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ለማዛወር ቦታ ለካ፤ የሚቀጥለው ብርድ ከመግባቱ በፊት እሠራዋለሁ እያለ። ጥቅምት ላይ ደጃፉ እንጨት ሲከምር ልቡ ቆመ። ያገኘሁት እኔ ነኝ። እንጨቱ በልኩ ተደርድሮ ነበር፤ የመጨረሻው ረድፍ ብቻ ጎዶሎ ነው። ማራገፊያው ላይ የሚያጠልቀው ጓንቱ መኪናዬ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ እስካሁን አላወጣሁትም።

ጥር ላይ ብራድሊ «እሱ ሲያቆም ማን ይቆርጣል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ማስታወቂያ አወጣን። የመጣው ሮስኮ ነው፤ ከመንገድ ሥራው ጡረታ ወጥቶ።

ባልዲው ወደ ምድጃው አልተዛወረም። ሮስኮ፣ ዴል ካስቀመጠበት አይነሳም ብሎ፣ አያዛውረውም። ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት ስደርስ በመዶሻ በረዶውን እየወቀጠ ነበር፤ የባልዲው ጎን በብዙ ቦታ ጎድጉዷል።

«ጨው ላምጣልህ?» አልኩት።

«አንቺም ጀመርሽ?» አለ ቀና ሳይል። «በቀን ሃያ ሰው ይኼን ነው የሚጠይቀኝ። ወንድምሽ ይኼን አውርሶኝ ሄደ።»

የበረዶውን ስብርባሪ በእጁ እየቀዳ ከባልዲው አወጣ። ከቁርስ ቤቱ ከረጢት አንዲት ትንሽ ኩባያ አነሳና ጫፏን ቆርጦ ጣላት፣ በእንጨቱ ደፈቃት፣ ለቀቃት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ተመለከትን። እየተንገዋለለች ወረደች።

«ስድስት» አለ ሮስኮ፤ ኩባያዋን ወደ ቆሻሻው ወረወራትና ሌላ አነሳ።